አረቄ የለመደችው ኮሮላ

ጥቅምት 9 ቀን 2007

እሑድ። ማደያ ሰልፍ ላይ አረፈድኩ... ይዤ በሄድኩት የቤንዚን ጭላጭ ተመለስኩ። ባለባጃጁ ነጋ ከኋላዬ ባጃጁ ውስጥ ተጋድሞ፣ «ከሪም፣ ኮሮላህን ሽጥና አህያ ግዛ። አህያ ሰልፍ አትጠብቅም» ይለኛል። «አስቤው ነበር፤ ሰው ካንተ ጋር እንዳያምታታብኝ ብዬ ተውኩት» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። እኛ ስንሳሳቅ ቀጂው ወጥቶ ሰንሰለቱን ዘረጋው። አልቋል። መቼ ይመጣል? እሱም አያውቅም።

አራዳ ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ የመጣ ደንበኛ አንድ፤ እሱም ፊውዝ ፈልጎ። ማኪናውን አቁሞ መለዋወጫ የሚገዛ ማን አለ?

ሳጥኑ ጠረጴዛው ሥር ነው። ጅዳ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ። ግማሽ ጡብ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ሽቦው ብዙ። የሞተር ኮምፒውተር ነው። ፋብሪካው ኮሮላዋ ላይ የገጠመው ኮምፒውተር ከቤንዚን ሌላ አያውቅም። ይሄኛውን ግን የፈለግኩትን አስተምረዋለሁ፤ በአልኮል መንዳትም ቢሆን። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ስፋለመው ከረምኩ። ብራዚል ውስጥ ሰው በአልኮል ነው የሚነዳው ይላል። ብራዚል ከቻለ ጎንደር ምን ጎደለው?

አልኮሉ ከየት ይመጣል... እሱስ ቀላል ነው። ወገራ ውስጥ አረቄ የማያወጣ መንደር የለም። ከባዷ ታላቅ እህቴ፣ እታለም ሐዲጃ ናት።

ጥቅምት 13

እታለም ዘንድ ተጠራሁ። የልጇ የፈትሂያ ሠርግ ተቆረጠ፤ ጥር 17። ሙሽራው ኡዘይር የደባርቅ ልጅ ነው፣ እህል ነጋዴ። ሸጋ ልጅ። ሳቁ ብቻ ይዘገያል፤ ቀልዴ የሚገባው እኔ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

ፈትሂያ ሻይ ስታቀርብልኝ ጎንበስ ብላ፣ «አጎቴ፣ ቃልህን» አለችኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በሞተ ዓመቱ ገደማ። ኮሮላዋን ያን ሰሞን ነው የገዛኋት፤ ልጅቷን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ አራዳን አዞርኳት። «ስታገቢ በዚህችው ነው የምትሄጂው። የምነዳሽም እኔ ነኝ» አልኳት። ስንት ወር ሙሉ ያልሳቀች ልጅ ሳቀች። እስከ ዛሬ ይዛዋለች ለካ... እኔስ መች ረሳሁት።

እታለም ግን ሌላ ነገር አስባለች። «የሙሽራው ወገን ትልቅ ማኪና እንልካለን ብለዋል። ያቺ ኮሮላህ መንገድ ላይ ብትገተር በምን ዓይን እናያቸዋለን? ቤንዚንስ የት አለና?»

«ቤንዚን አያስፈልጋትም» አልኩ።

«ምን ልትጠጣ ነው ታዲያ?»

ሻዬን ጠጣሁ።

ጥቅምት 22

ሳጥኑን ገጠምኩት። የድሮውን ኮምፒውተር ነቅዬ፣ ሽቦ በሽቦ፣ ቀለም በቀለም። የጭስ መውጫው ማርሚታ ላይ አዲስ ሴንሰር አስገባሁ፤ የጭሱን ሁኔታ እያሸተተ ለላፕቶፑ የሚናገር። በቀረችኝ ቤንዚን አስነሣኋት። መጀመሪያ አሳላት... ከዚያ ያዘች። መሪውን ጨብጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ነጋ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ሽቦውን ሁሉ አየ። «ሆስፒታል ያስገባሃት ነው የምትመስለው።» ስለ አልኮሉ ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም።

ጥቅምት 27

ነጋ ያልነገረው ሰው የለም። እታለም በራፍ ላይ ባጃጁን አቁሞ፣ «እትዬ ሐዲጃ፣ ወንድምዎ ማኪናዋን አረቄ ሊያስለምዳት ነው» ብሏታል።

ሱቄ ድረስ መጣች። የራሷን የጨርቅ ሱቅ ትታ እኔ ጋ መምጣቷ ብቻውን ነገሩን ይናገራል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አባታችን አራዳ ላይ ዕድሜውን ሲነግድ አንድ ጠርሙስ በደጁ አላለፈም። አንተ በጀሪካን ልታስገባ?»

«እኔ አልጠጣው፣ ሰው አይጠጣው። ማኪናዋ ናት።»

«ማኪናዋ የማን ናት?»

መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመርኩ።

ከሄደች በኋላ ተመልሳ በር ላይ ቆመች። «ግቢዬ አይገባም። ከተማ ሳይደርስም ሰው የማይጠጣው ይሁን፤ እንዴት እንደሆነ አንተ እወቅ። ከሠርጉ በፊት ባለው ዓርብ አምባ ጊዮርጊስ ደርሳ ትመለስ፤ አብሬ ተቀምጬ አያለሁ። ከቆመች ወይ ከሸተተች፣ ልጄ በሰዎቹ ማኪና ትሄዳለች። ያኔ ነገር እንዳትፈልገኝ።»

በሯን አልዘጋችም ማለት ነው። እታለም ልትዘጋ ከፈለገች እንዲህ እያለች አትደራደርም። ዓርብ፣ ጥር 15። ይበቃኛል።

ኅዳር 6

በአውቶቡስ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የዓለምወርቅ ዘንድ ሄድኩ፤ የባሏን የወፍጮ ሞተር ስጠግንላቸው ከነበረ ጊዜ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው አረቄ አውጥታ ነው። የእሷ ዳግም በአገሩ የታወቀ ነው፤ ዳግም የሚሉት ሁለቴ የወጣውን፣ ጠንካራውን።

«ለማኪና ነው የምፈልገው» አልኳት።

«አዎ፣ ለማኪና» አለች። አንድ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። «ባሌም ነፍሱን ይማረውና፣ በጾም ሰሞን ለበቅሎዋ ነው ይለኝ ነበር።»

«ወላሂ ለማኪና ነው።»

«አይማሉ፣ አያ ከሪም። እኔ ምን ገዶኝ። ከዚህ ቤት ወሬ አይወጣም።»

እኔ ጀሪካኑን በጆንያ ስሸፍን፣ እሷ ፈገግታዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የበለጠ በማልኩ ቁጥር የበለጠ አዘነችልኝ።

ኅዳር 8

ማንኪያ ላይ አድርጌ ለኮስኩት። ሰማያዊ ነበልባል፣ ቆንጆ። ሲጠፋ ከማንኪያው ከግማሽ በላይ ውሃ ቀርቷል። ለሰው ራስ ሁለቴ የወጣ ይበቃል። ለኮሮላ አይበቃም።

ትዕግሥት የለኝም። ጠርሙስ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ቀላቀልኩት። ቤንዚኑ ከላይ፣ አረቄው ከታች... እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተኙ። ብነቀንቃቸው ትንሽ ይታረቃሉ፣ መልሰው ይለያያሉ። ውሃው ነው የሚያጣላቸው። ውሃው መውጣት አለበት።

ኅዳር 17

ከአሮጌ ፍሪጅ የመዳብ ቱቦ አወጣሁ። ከእሱ በታች የሚቆም ወፍራም ረጅም ቧንቧ አዘጋጀሁና ውስጡን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንፋሎቱ በሽቦው መሐል ሲወጣ ውሃው እየከበደው ይንጠባጠባል፣ አልኮሉ ቀሎት ያልፋል። አራዳ ያለ የመፈግፈጊያ ሽቦ ሁሉ አለቀ። ባለሱቋ፣ «ስንት ድስት አላችሁ?» አለችኝ። «አንድ። ግን በጣም ቆሻሻ ነው» አልኳት።

ቧንቧውን ለየዓለምወርቅ ወሰድኩላት። እሳቱ የእሷ፣ ድስቱ የእሷ፣ ቧንቧው ብቻ የእኔ። እታለም ብትጠይቀኝ አልዋሽም። የዓለምወርቅ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ መጋጠሚያውን በሊጥ መረገች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለቴ የወጣው አልያዝዎትም?» አለችኝ። አዝናለች።

ኅዳር 24

ማንኪያው ደረቀ። ምንም አልቀረም ማለት ይቻላል። ምነው ዓይኔ እንባ አዘለ? ጭሱ ይሆናል።

ኅዳር 27

ፈትሂያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄ ወሰድኳት። ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ጠመኔ እጅጌዋ ላይ አለ። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። እኔ ልነዳ፣ እሷ ልታነብ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቁጥር አንድ ላይ ከቆመች ነዳጁና አየሩ ልክ ናቸው። ከአንድ ካለፈች ሞተሩ ተርቧል። ካነሰች ጠግቧል።

በአዘዞ መንገድ ወረድን። «አንድ ነጥብ ሦስት... አንድ ነጥብ አራት፣ አጎቴ፣ ሞተች» አለች፤ እውነትም ሞተች። አልኮል ከቤንዚን አብልጦ መረጨት አለበት፣ ይህን መመሪያው ነግሮኛል። በስንት አብልጦ እንደሆነ ግን ሞተሩን መጠየቅ ነው። ጨመርኩ። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። ጨመርኩ። መንገዱ ዳር ፍየል የሚሸጡ ሰዎች እያዩን መሳቅ ጀመሩ። ስንመለስ ግን ሳትቆም ገባች። አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠና ስምንት፣ አንድ...

«ደባርቅ ሩቅ ነው፣ አጎቴ?» አለችኝ በድንገት።

«ላንቺ ነው ወይስ ለኮሮላዋ?»

አልሳቀችም። «ለአንተ።»

ለእኔ ሩቅ ነው። ማርሽ ቀየርኩ።

ታኅሣሥ 4

ከአምባ ጊዮርጊስ ስመለስ ወለቃ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ኋላ ጀሪካን አለ፣ ማርሚታውም ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይላል። ሰውየው ቆቤን አየ፣ አፍንጫውን ነፋ፣ ደግሞ ቆቤን አየ።

«አባት፣ ጠጥተዋል?»

«እኔ አልጠጣሁም። እሷ ናት።»

ወደ ኋላ ወንበር አየ። ሰው የለም። «ማን?»

«ማኪናዋ።»

አስወረደኝ። በአንድ እግር አቆመኝ። ቀጥ ብሎ የተሳለ መሥመር ላይ አስኬደኝ፤ ልጅ ሆኜ ሰኞ ማክሰኞ እንደምጫወት ዘለልኩለት። ኮፈኑን ከፍቼ ሳጥኑን፣ ቱቦውን አሳየሁት። ማንኪያ አውጥቼም ለኮስኩለት። በመጨረሻ፣ «ታዲያ እሷ ጠጥታ እርስዎ ሲነዱ ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ አለቀሰ፤ በሳቅ። ለቀቀኝ።

ግን የእታለም ነገር ትዝ አለኝ። ከሸተተች። ከዛሬ ጀምሮ እዚያው አምባ ጊዮርጊስ፣ በየጀሪካኑ ቤንዚን እጨምርበታለሁ። አሁን ውሃ ስለሌለው አይጣሉም። የጀሪካኑን ክዳን ስከፍተው የሚሸተው የማደያ ሽታ ነው፤ የትኛውም ጠጪ አፉ አያስጠጋውም። ቤንዚኑን ነጋ ከባጃጁ ቀድቶ ሰጠኝ። «ለእሷ ከሆነ» አለ፣ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ። ወሬኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

ታኅሣሥ 13

ሆን ብዬ አምባ ጊዮርጊስ አደርኩ። ሙሽራ ማለዳ ነው የምትወጣው፤ ኮሮላዋ በብርድ መነሣቷን ማወቅ አለብኝ።

አልተነሣችም። መስታወቷ ላይ ውርጭ። ማስነሻው ሞተሪኖ ባትሪውን እስኪጨርስ አስጮህኳት፣ ምንም። አልኮል ሲበርደው አይተንም፣ አይቀጣጠልም። ወደ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች ከበቡኝ። አንዱ በጠረኑ ገባው መሰለኝ፣ «ምነው አያ፣ ትናንት አምሽታ ነው?» አለ። ሌላው፣ «ቃሪያ ያብሉልኝ ትላለች» አለ። እየሳቁ ገፏት፣ እኔም እየሳቅኩ አብሬ ገፋሁ። ፀሐይ ስትሞቅ ነው የተነሣችው።

ጥር ግን ከዚህ ይብሳል።

ታኅሣሥ 20

አገኘሁት። የፊት መስታወት የሚያጥበው ውሃ የሚቀመጥበት ትንሽ ጠርሙስ አለ አይደል? ውሃውን ደፍቼ ቤንዚን ሞላሁበት። ቱቦዋን ከመስታወቱ ነቅዬ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት አዞርኳት። ጠዋት ስትበርድ መስታወት ማጠቢያውን አንዴ ጫን... ትንሽ ቤንዚን ይረጫል፣ ሞተሩ በእሱ ይነቃል፣ ከዚያ በአልኮሉ ይቀጥላል። ቁርስ በቤንዚን፣ ምሳ በአረቄ።

ኮሶዬ አፋፍ ላይ አሳድሬ ሞከርኩት። በሁለተኛው ተነሣች።

ጥር 2

ለየዓለምወርቅ ለጉዞው የሚሆነውን አዘዝኳት። ስለ ሠርጉም አጫወትኳት፣ ስለ ፈትሂያ፣ ስለ ቃሌ። ደስ አላት። «የሠርግ ነው በሉኛ። ታዲያ ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች። እጄን ይዛ፣ «አያሳስብዎት፣ አያ ከሪም። ሸጋ አድርጌ ነው የማወጣልዎት» አለች። መረቅኳት።

ጥር 8

አንዱን ጀሪካን እዚያው ቤንዚን ጨምሬበት አመጣሁ፤ የቀሩት ቤንዚን ሳይነካቸው የዓለምወርቅ ዘንድ ቆዩ። ሰርባቶዮውን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን፣ ሞላሁ። ማንኪያ አላቃጠልኩም። ያለፈው ሁሉ ጥሩ ነበር፣ ምን ያስፈልጋል?

ጥር 10

ቆመች። ገና ፒያሳ ሳትደርስ። ታነቀች፣ ተንገፈገፈች፣ ጸጥ።

ገፍተን ሱቅ አደረስናት። የነዳጁ ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ተደፍኗል። ነዳጁን የሚረጩት ኖዝሎች አራቱም ተደፍነዋል። በቤንዚን አጠብኳቸው፣ አልለቀቁም። በሽቦ ነካካኋቸው፣ አልለቀቁም። ምንድን ነው ይሄ? ዓርብ አምስት ቀን ነው የቀረው።

እታለም ሰምታለች። መልእክት ላከችብኝ፤ «አትድከም።» ይህችን ብቻ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥር 11

ጥምቀት። ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዷል፣ መንገዱ በእንግዳ ተጥለቅልቋል፣ ዝማሬው ሱቄ ድረስ ይሰማል። እኔ በሩን ከፍቼ ኖዝል ይዤ ተቀምጫለሁ። ፈትሂያ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። «አጎቴ፣ በሰዎቹ ማኪና ብሄድም ምንም አይደል። አንተ ከኋላ ትከተለኛለህ።»

«በምን?»

«በነጋ ባጃጅ።»

ሳቅን። ለእኔ ብላ ነው እንዲህ ያለችው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ እልህ አስገባኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ንብ ገባች። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ፊልትሮ ላይ አረፈች። ሌላ መጣች። ሦስተኛ። ጥቂት ቆይቶ ፊልትሮው በንብ ተሸፈነ። ፈትሂያ አየችኝ፣ አየኋት።

ማር።

የዓለምወርቅ ማር ጨምራበታለች። ለሠርግ ነው ስላት... ሙስሊም ነው፣ አፍሮ ነው ለማኪና የሚለው፣ እንግዳ ሊያስተናግድበት ነው ብላ። የክብር እንግዳ አረቄ በማር ነው የሚለዝበው። ሸጋ አድርጋልኛለች። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ማር በቤንዚን አይለቅም። በሙቅ ውሃ ግን ይለቃል። ኖዝሎቹ ሙቅ ውሃ ሲነካቸው ወዲያው ተከፈቱ። ከዚያ አደረቅኳቸው።

ጥር 12

ሰርባቶዮውን አጥቤ፣ ከድሮው የተረፈውን ንጹሕ አልኮል ቀድቼ ወደ አምባ ጊዮርጊስ። የዓለምወርቅን ከቤት አስወጣኋት፤ ኮሮላዋ ፊት አቆምኳት። ቱቦዋን ነቅዬ የተጣራውን አልኮል ከጠርሙስ እያጠጣሁ ሞተሩን አስነሣሁት። ጠርሙሱ ሲጎድል፣ ሞተሩ ሲዞር አየች። ጠርሙሱን አየች፣ ማርሚታውን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ለማኪና ነው እኮ።»

«ስምልልሽ ከረምኩ።»

«እኔ ደግሞ... ከቀፎው ንጹሑን ማር... እሱንም ለእርስዎ ብዬ የደበቅኩትን...» መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቀች፣ ተናደደች፣ ደግሞ ሳቀች። ከዚያ ብድግ ብላ እሳት አነደደች። እሷ ዘንድ የቀረውን ባለማር እንደገና ብናወጣው ማሩ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ አልኮሉ ያልፋል። «ዓርብ ሳይደርስ ይደርሳል» አለች። ጎረቤቶቿን በድስቱ ዙሪያ አሰለፈቻቸው። «የሚቀምስ የለም። የማኪና ነው» ትላቸዋለች፣ ቆጣ ብላ። አንዷ ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ በማማሰያ አባረረቻት።

ጥር 14

እያንዳንዱን ጀሪካን በማንኪያ አቃጠልኩ። ሁሉም ደረቁ። ቤንዚኑን ጨመርኩ። ወደ ቤት ስገባ ንብ አልተከተለኝም።

ጥር 15

ከጁምዓ በኋላ። እታለም ኋላ ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ። ፈትሂያ ፊት፣ ላፕቶፑን ይዛ። ወለቃ ስንደርስ ያው ፖሊስ፤ «ዛሬስ ጠጥታለች?» አለ። እታለም በመስኮት፣ «ከጠጣች እኔ ነኝ የማስርልህ፣ ልጄ» አለችው። ኮሶዬ ዳገት ላይ ማርሽ ቀነስኩ፣ አልተንገፈገፈችም። አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ዞርን።

የኮሶዬን ቁልቁለት ስንጀምር እታለም ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ጎንደር ስንገባ፣ «መቀመጫውን አጽዳው። ነጭ ነው የምትለብሰው» አለችኝ።

ጥር 17

ማለዳ። ብርድ። ግቢው በር ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ የሙሽራው ትልቅ ማኪና ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል። መስታወት ማጠቢያውን ተጫንኩ። ሞተሪኖው ጮኸ... አልያዘም። ጀርባዬ ላይ የእታለም ዓይን ተሰማኝ። እንደገና። ያዘች።

ፈትሂያ ኋላ አልቀመጥም አለች። «እዚያች ወንበር ላይ ነበርኩ፣ እዚያችው ላይ ነኝ።» ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ እሷ ግን ተቀመጠች። ሒናዋ እስከ ክንዷ። ላፕቶፑን ከእግሯ ሥር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ዛሬ እንኳ ተዪው» አልኳት።

«ከቆመችብኝስ?»

በዓይነ ርግቧ ሥር ሆና ቁጥር እያነበበችልኝ ደባርቅ ገባን። አንድም ቦታ አልቆመችም። ኡዘይር በሩን ሲከፍትላት፣ «ጠብቃት፤ ይህቺ ልጅ ሞተር ሲርበው ታውቃለች፣ ባል ሲጠግብም ታውቃለች» አልኩት። ኮስተር ብሎ፣ «እሺ አጎቴ» አለ።

አሁን ስጽፍ ሳይስቅ አይቀርም።

ጥር 18

ተመለስኩ። ላፕቶፑ ባዶው ወንበር ላይ። ቁጥሩን ያነበበልኝ አልነበረም።

የካቲት 14

ማደያው ቤንዚን ካገኘ ሰነባብቷል አሉ። ሰልፉም አጭር ነው። ነጋ መጥቶ፣ «እንግዲህ አረቄውን ተዋት፣ ትጹም» አለኝ። ግን ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነበር። ለባጃጁ ይሠራ እንደሆነ ዞር ብሎ ጠየቀኝ። እናያለን አልኩት።

ቁልፌን ይዤ ማደያ ልሄድ ስወጣ እታለም በር ላይ ቆማለች። ጥቅልል ጨርቅ ይዛለች፣ ለፈትሂያ ቤት መጋረጃ። «ደባርቅ ልንሄድ ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ቁርሷን በልታለች?»

ማኪናዋን ነው። እስከ ዛሬ ስለ እሷ እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

የፊት ወንበር ላይ ወጣች። ላፕቶፑን አንሥቼ ወደ ኋላ ላስቀምጥ ስል እጇን ዘረጋች። «አምጣው።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ልጄ ስታነብልህ አልነበረም? ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ለክቼ ስሸጥ ቁጥር ሳላውቅ ነው?»

መነጽሯን አደረገች። ወለቃን አለፍን። ኮሶዬ ዳገት ላይ ገበያ መሐል ዋጋ እንደምትናገር ጮክ ብላ ጀመረች። «ዜሮ ዘጠና። ዜሮ ሰማንያ ስምንት... ወረደብህ። ምነው እንዲህ ታጠግባታለህ?»

«ዳገት ነው፣ እታለም። በዳገት ትጠግባለች።»

«ይሁን። በዳገትስ ትጥገብ።»

አምባ ጊዮርጊስ ላይ የየዓለምወርቅ ቤት ጋ አቆምኩ። እታለም ወረደች፣ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ተሳሳሙ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የዓለምወርቅ አንድ ብልቃጥ ማር ሰጠቻት፤ «ይሄ የሰው ነው» ስትላት ብቻ ሰማሁ። ጀሪካኑን እኔ ጫንኩ። እታለም ዞር አላለችም፣ ሽፋኑን አስተካከለችልኝ እንጂ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ሜዳ ነው። ገብሱ ታጭዶ መሬቱ ቢጫ ሆኗል። ኮሮላዋ ድምጿን ቀንሳ ትሄዳለች። እታለም መነጽሯን አስተካክላ ስክሪኑን አየች።

«አንድ» አለች። «ልክ አንድ። እንግዲህ እንዳትነካት።»

አልነካኋትም።